በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ አንድ አንቀጽ የሚሠራው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ

ለተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች ሰላምታዬን አስቀድሜ ጥያቄዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲሆን ላለፉት 11 ዓመታት በአንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ በረዳትነት ሠርቻለሁ። የሕግ ዲግሪ የለኝም፤ ነገር ግን መዝገብ ሳደራጅና የፍርድ ውሳኔዎችን ስፈልግ ስለኖርኩ በዚህ አገር ክርክር እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅርብ አይቻለሁ። ያስቸገረኝ የገዛ አገሬን ሕግ መረዳት ነው።

እናቴ ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ገዛች። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሻጩና እናቴ ፈርመዋል፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ሁለት ምስክሮች ስማቸውንና ፊርማቸውን አኑረዋል። ገንዘቡ በባንክ ተከፍሎ አልቋል፤ እናቴም ቤቱን ተረክባ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች። የቀረው ውልና ማስረጃ ሄዶ ውሉን ማስመዝገብ ብቻ ነበር፤ እሱም «ካርታው ሲስተካከል አብረን እንሄዳለን» እየተባለ ሲንከባለል ቆየ። በመጨረሻ እናቴ ስመ ሀብቱ እንዲዛወርላት ክስ ስትመሠርት ሻጩ ውሉ ሕጋዊ አይደለም፣ የከፈለችውን ገንዘብ ትውሰድና ቤቴን ትመልስ የሚል መልስ ሰጠ።

ጠበቃችንን በስልክ ሳነጋግረው የነገረኝ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723፣ ቁጥር 1720 እና የሰበር (የመጨረሻ ውሳኔዎችን የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት) መዝገብ ቁጥር 21448። እዚህ እኔ በምሠራበት ቢሮ ጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው «ፍርድ ቤቶች በተመሳሳይ ነገር ላይ ከዚህ በፊት ምን ወስነዋል» የሚለው ነው። የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ሕግ እዚህም አለ፤ መነሻውም እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1677 ያወጡት ሕግ ነው። ሆኖም ገንዘብ ከፍሎ ቤቱን ተረክቦ የሚኖር ሰው በሕጉ ፎርም ምክንያት ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ዳኞች ራሳቸው በውሳኔ ያበጁት መከላከያ አለ። ሕጉ ውስጥ ያልተጻፈውን ዳኞቹ አምጥተው ጨምረውበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መከላከያ የሚፈለገው የት ነው? ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት የሕግ መጽሐፍ ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ታዲያ 1723 ለምን ይጠቀሳል? ሦስተኛ፣ ሕጋችን በኮድ የተጻፈ ከሆነ የሰበር መዝገብ ቁጥር እንደ ሕግ የሚጠቀሰው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦ የቀድሞ ዳኛ

እህቴ፣ ጥያቄዎ በሚገባ የታሰበበት ስለሆነ በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። የእናትዎን መዝገብ ሳላይ ስለ ውጤቱ አልናገርም፤ ነገር ግን አንቀጹ በእኛ ሥርዓት እንዴት እንደሚነበብ ከችሎት ልምዴ ተነሥቼ ላስረዳዎት እሞክራለሁ።

ወንበር ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ በአንድ ጣት ከፍቼ አላውቅም ማለት እችላለሁ። አንዱ ጣቴ ክርክሩ በተነሣበት አንቀጽ ላይ፣ ሌላው የዚያ አንቀጽ አጠቃላይ ደንብ በሚገኝበት፣ ሦስተኛው ደግሞ አንቀጹ ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚከተል በሚደነግገው ገጽ ላይ ይሆናል። 3367 ቁጥሮች ያሉት ይህ ሕግ በአምስት መጻሕፍት የተከፈለ ነው፦ ስለ ሰዎች፣ ስለ ቤተሰብና ውርስ፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ግዴታዎች፣ ስለ ልዩ ልዩ ውሎች። ይህ አከፋፈል ለአንባቢ እንዲመች ብቻ የተደረገ ማውጫ አይደለም፤ አንቀጹ የተቀመጠበት ስፍራ ራሱ የትርጉሙ አካል ነው። 1723 የሚገኘው በአራተኛው መጽሐፍ፣ ማለትም ለማናቸውም ውል በሚያገለግለው ጠቅላላ ክፍል ውስጥ ነው። 2877 ያለው በአምስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ሽያጭ በሚናገረው ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚተሳሰሩበትን መንገድ የሚነግርዎት ደግሞ ቁጥር 1676 ነው፤ ጠቅላላ ደንቦቹ የውሉ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ተፈጻሚ እንደሚሆኑ፣ ስለ አንዳንድ ውሎች የተጻፉት ልዩ ደንቦችም እንደተጠበቁ እንደሆኑ ይደነግጋል።

አሁን የእናትዎን ጉዳይ ይዘን መጽሐፉን እንግለጥ። ቁጥር 1678 ውል የሚጸናው ምን ምን ሲሟላ እንደሆነ ይዘረዝራል፦ ችሎታ ያላቸው ተዋዋዮች፣ ጉድለት የሌለው ፈቃድ፣ በቂ እርግጠኝነት ያለውና የሚቻል፣ ሕጋዊም የሆነ ጉዳይ፣ በመጨረሻም ሕግ ልዩ ፎርም ያዘዘ እንደሆነ ያ ፎርም። ቁጥር 1719 መነሻው ነፃነት መሆኑን ይነግረናል፤ በሕግ በሌላ አኳኋን ካልተደነገገ በቀር ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ፎርም አያስፈልግም። ቁጥር 1723 ከዚህ ነፃነት የወጣ ልዩ ሁኔታ ሲሆን የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ፣ እንዲሁም በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረጉ ይጠይቃል። ቅጣቱ ግን እዚያው አልተጻፈም። እሱን ለማግኘት ሦስት ቁጥሮች ወደ ኋላ ተመልሰው 1720ን ማንበብ አለብዎት፤ የታዘዘው ፎርም ሳይፈጸም ሲቀር ውል የለም፣ ያለው የውል ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። ጠበቃዎ ሁለቱን ቁጥሮች አጣምሮ የጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

ረቂቅ ነው ከተባለ በኋላም መንገዱ አያልቅም። ቁጥር 1815 ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ያዛል፤ ቁጥር 1817 ደግሞ መመለስ የማይቻልበት ወይም ከባድ ጉዳትና ችግር የሚያስከትልበት ሁኔታ ካለ የተፈጸመው ሥራ እንዳይፈርስ በር ይከፍታል። ከአንደኛው ጥያቄዎ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዳኞች በውሳኔ ያበጁትን መከላከያ የእኛ ዳኛ ከሕሊናው አውጥቶ መጨመር አይችልም፤ ነገር ግን ለፍትሕ የሚያስፈልገው መሣሪያ በኮዱ ውስጥ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ስም ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ፈልጎ ማግኘት ሥራው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ዳኛው በአንድ አንቀጽ ቃል ታስሮ እንደሚቀመጥ አድርጎ ነው። እኔ የተረዳሁት ከዚህ በተለየ ነው፤ ዳኛው የሚታዘዘው ለሕጉ በሙሉ ነው።

መልስ 2፦ የሕግ መምህር

የቀድሞው ዳኛ ያስቀመጡትን የአነባበብ ሥርዓት እቀበላለሁ፤ በ1723 ላይ ግን የምለየው ነጥብ አለኝ። በክፍል ውስጥም ተማሪዎቼን የማከራክርበት አንቀጽ ስለሆነ እዚህም ባነሣው ለጠያቂዋ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 1720 ሦስት ንዑስ አንቀጾች አሉት። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ነው። ሦስተኛው ግን ውሉን ለሕዝብ ለማስታወቅ የታዘዙ ሥርዓቶች ባይፈጸሙም፣ ሕግ በሌላ አኳኋን ካላዘዘ በቀር፣ ውሉ የጸና እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በ1723 የተጠየቀው የመዝጋቢ አካል ፊት መቅረብ ውሉን የሚፈጥር ፎርም ነው ወይስ ውሉን ለሌሎች የሚያስታውቅ ሥርዓት? ቁጥር 2877 ስለ ቤት ሽያጭ ሲናገር ያልተጻፈ ሽያጭ ፈራሽ ነው ብሎ ያቆማል። ተከታዩ ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ የማየው ሥዕል ግልጽ ነው፤ በሻጭና በገዢ መካከል ጽሑፍ ይበቃል፣ መዝገብ የሚያስፈልገው ሌላ ገዢ፣ አበዳሪ ወይም ወራሽ ሲመጣ ነው። ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል በሚለው መርህ መሠረትም የሽያጩ ክፍል ሊበልጥ ይገባው ነበር እላለሁ። ተቃራኒው ሐሳብ፣ ማለትም ሁለቱ አንቀጾች ስለማይጋጩ ተደማምረው ይፈጸማሉ የሚለው፣ ደካማ አይደለም። የሰበር ሰሚው ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የያዘው አቋም ወደዚህኛው ያደላ ነው፤ በ1723 መሠረት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና ውል አይደለም ብሏል። ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ፤ ሆኖም 1720(3) ሙሉ ክብደቱን አግኝቶ ነበር ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ላይ በተለይ ማተኮር እፈልጋለሁ፤ እሱም የሕጉ ቋንቋ ነው። የሕግ ማርቀቅ ኮሚሽኑ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመለሰ፤ ፓርላማው የተወያየበትና ሕግ ሆኖ የወጣው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ ኢንተርኔት ላይ ያገኙት የእንግሊዝኛው ቅጂ ከሆነ ክርክር ሊመሠረትበት አይችልም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ፣ ግራው በአማርኛ ቀኙ በእንግሊዝኛ ሲታተም አይተውት ይሆናል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ሲለያዩ የአማርኛው እንዲበልጥ ደንግጓል። ተማሪዎቼን እንግሊዝኛውን አታንብቡ አልላቸውም። አንድ የአማርኛ ሐረግ ሲጎረብጣቸው እንግሊዝኛውን፣ የሚችሉ ደግሞ ፈረንሳይኛውን ገልጠው የአርቃቂውን ሐሳብ ቢፈልጉ ብዙ ይማራሉ። የሚፈረደው ግን በአማርኛው ቃል ነው።

ጥቂት ቃል ያለው አንቀጽ ብዙ ጉዳይ እንዴት እንደሚሸከም ለማሳየት ከፈረንሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1384 አንድ ሰው በጥበቃው ሥር ባለ ነገር ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊ እንደሆነ በአንድ ሐረግ ጠቅሶ ያልፍ ነበር። ያን ጊዜ መኪና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930 አንዲት ልጅ በጭነት መኪና የተገጨችበት ጉዳይ ሲቀርብ የአገሪቱ ሰበር ፍርድ ቤት በዚያች ሐረግ ላይ ቆሞ፣ ተጎጂው የባለንብረቱን ጥፋት እንዲያስረዳ ሳያስፈልገው የሚካስበትን ሥርዓት አጸና። አንድም ቃል ከሕጉ አልተቀየረም። የእኛ አርቃቂ ይህን ታሪክ ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ለዳኛ ትርጉም ሳይተዉ የመኪና ባለቤትን ኃላፊነት በቁጥር 2081 ራሱን አስችለው ጻፉት። በአንድ አገር በፍርድ የተገነባው በሌላው አገር አንቀጽ ሆኖ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሕጋቸውን በኮድ በጻፉት የሲቪል ሎው አገሮች የፍርድ ውሳኔ ዋጋ የለውም የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ነው፤ ውሳኔው ዋጋውን የሚያገኘው በአንቀጹ በኩል ነው እንጂ ራሱን ችሎ አይደለም።

ጠያቂዋ በድጋሚ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ 1720(3)ን ጠበቃችን ፈጽሞ አንሥቶልኝ ስለማያውቅ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም። የፈረንሳይ ሕግ ቁጥር 5 ዳኛ ጠቅላላ ደንብ እንዳያወጣ ይከለክላል ሲባል ሰምቻለሁ። የእኛ ሕግ ከዚያ ቤተሰብ ከሆነ 21448 የተባለው ውሳኔ እናቴን የሚያስራት በምን ሥልጣን ነው? እሷ በዚያ ክርክር ውስጥ አልነበረችም።

መልስ 3፦ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ወጣት ጠበቆች ሁሉ ቢጠይቁት እመኛለሁ። ብዙዎቻችን የሰበር ቁጥር ከአንቀጽ አስቀድመን መጥቀስ ስለለመድን ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ትተናል።

ስለ ፈረንሳዩ ሕግ የሰሙት ትክክል ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 4 ደግሞ ሕጉ ዝም ብሏል፣ ግልጽ አይደለም ወይም አይበቃም ብሎ ፍርድ የሚነፍግ ዳኛን ተጠያቂ ያደርጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በምክንያት ነው፤ መፍረድ ግዴታ ነው፣ ሕግ ማውጣት ክልክል ነው። የእኛም ሥርዓት ለረጅም ጊዜ በዚሁ መንፈስ ሲሠራ ቆይቷል፤ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይከበር ነበር እንጂ በሕግ አስገዳጅ አልነበረም። ይህን የለወጠው ዳኛ አይደለም፣ ሕግ አውጪው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ደነገገ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አስገዳጅነት አስቀጥሏል። የችሎቱ መሠረት ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ የማረም ሥልጣን የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው። ስለዚህ እናትዎን የሚያስራት በሌሎች ሰዎች ላይ የተሰጠው ፍርድ አይደለም፤ አዋጁ ነው። እርስዎ በሚሠሩበት አገር ውሳኔ አስገዳጅ የሆነው በዘመናት የፍርድ ቤት ልማድ ሲሆን እኛ ዘንድ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ በወጣ ድንጋጌ ነው። ያው ሕግ አውጪ ነገ ሊቀይረው ይችላል፤ ችሎቱም ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ከመስጠት አልተከለከለም።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነጥብ አለ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አስገዳጅ የሆነው የሕግ ትርጉሙ ነው፣ የውሳኔው የመጨረሻ መስመር አይደለም። አንድ ባልደረባዬ በቅርቡ ያቀረበው መልስ አንድ ገጽ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ግማሹ የሰበር ቁጥሮች ዝርዝር ነበር፤ በየመዝገቡ ፍሬ ነገሩ ምን እንደነበረ አንድም ቃል አልጻፈም። ዳኛዋ «ከደንበኛዎ ጉዳይ ጋር የሚመሳሰለው የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁት መልስ አልነበረውም። 21448ን ማንበብ ማለት ምን ተካዶ፣ ምን ታምኖ፣ በምን ጭብጥ ላይ ትርጉም እንደተሰጠ ማንበብ ነው። ከዚያ በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ችሎቱ የውሉ መደረግ በተካደበትና ባልተካደበት ጉዳይ መካከል ልዩነት አድርጓል፤ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ሳይክድ ያልተመዘገበ መሆኑን ብቻ መሸሸጊያ ሲያደርግ የተለየ ውጤት ላይ የተደረሰባቸው መዝገቦች አሉ። የሕግ መምህሩ ያነሡት የ1720(3) ክርክርም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ በር አይደለም፤ ትርጉም እንዲለወጥ የሚጠይቅ ጠበቃ መነሣት ያለበት ከዚያው ከአንቀጹ ነው።

ደግሞም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻውን እንደማይቆም አይርሱ። በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ቁጥር 3347 በኮዱ የተሸፈነ ጉዳይን የሚመለከት የቀድሞ ሕግና ልማድ ሁሉ ተሽሯል ብሎ ነበር የጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በራሱ ላይም ብዙ ሕግ መጥቶበታል። የ1967ቱ የመሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች ስለ መሬት ባለቤትነት የሚናገሩትን ክፍሎች አንሥተዋቸዋል፤ መጽሐፉን ሲገልጡ ግን ቃሎቹ ዛሬም ታትመው ያገኟቸዋል። አዲስ አንባቢ እነዚያን አንቀጾች እንደ ሕያው ሕግ አንብቦ ሲሳሳት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የእኔ መጽሐፍ ኅዳግ በእርሳስ በተጻፉ የአዋጅ ቁጥሮች የተሞላ ነው፤ ያለዚያ አንድ አንቀጽ በሕይወት መኖሩን ማወቅ ይከብደኛል። ከእናትዎ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ነው፤ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሻጩ ሲሸጥ ባለትዳር ነበር? ሚስቱ ፈርማለች? ይህ ከ1723 ጋር የማይገናኝ ሌላ አደጋ ስለሆነ አስቀድመው ያጣሩት።

አንድ ጥያቄ ላስከትል። ሻጩ ባቀረበው የመከላከያ መልስ ላይ ውሉን አልፈረምኩም ይላል ወይስ ፈርሜያለሁ ግን አልተመዘገበም ነው የሚለው?

የቀድሞ ዳኛ በድጋሚ

ለጠበቃው ማብራሪያ አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂዋ ይህን የአነባበብ ዘዴ ወደ ሁሉም ሕግ እንዳይወስዱት ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በውል ጉዳይ ዳኛው ከአንድ ክፍል ደንብ ተነሥቶ ወደ ተመሳሳዩ መሻገር ይችላል፤ ቁጥር 1677 ራሱ የውል ደንቦች ከውል ላልመነጩ ግዴታዎችም ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በወንጀል ግን ይህ በር ዝግ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 በማመሳሰል ወንጀል መፍጠርን ይከለክላል፤ አጠራጣሪ ቃልን እንደ ሕግ አውጪው ሐሳብ መተርጎም ግን ይፈቅዳል። በሥነ ሥርዓትም ነገሩ ይለያል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ ነገሩን ከሕንድ ሕግ፣ በእሷም በኩል ከእንግሊዝ የወሰደ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ላይ የሚያዩት የምስክር አሰማም አዲስ አበባ ችሎት ውስጥ ቢያጋጥምዎት አይደነቁ፤ መሠረታዊው ሕግና የክርክሩ ሥርዓት ከአንድ አገር አልመጡልንም።

ስለ ሕሊና ያነሣሁትንም አልረሳሁትም። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ቁልፍ አስረክቦ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ «ውል የለንም» የሚል ሰው ፊቴ ሲቆም ስሜቴ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ሆኖም ፎርሙን ያዘዘው ሕግም የሚጠብቀው ሰው አለው፦ ፊደል የማይለይ አሮጊት ቤታቸውን በሐሰት ወረቀት እንዳያጡ፣ አንድ ቤት ለሦስት ገዢ እንዳይሸጥ። እኔ እንዲህ ያሉ መዝገቦችንም አይቻለሁ። 1723ን ብዙ ጊዜ የምከላከለው ስለዚህ ነው፤ ግን የተጻፈው ለእነዚያ ሴት እንጂ ለእናትዎ ሻጭ መሸሸጊያ እንዲሆን አይደለም፤ ቁጥር 1732 ውሎች በቅን ልቦና ይተርጎሙ ሲልም ዳኛው ይህን ልዩነት እንዲያይ ያግዘዋል።

ጠያቂዋ በድጋሚ

የመከላከያ መልሱን እናቴ በስልክ ፎቶ አንሥታ ልካልኝ ነበር፤ አሁን ከፍቼ አነበብኩት። በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለበት፦ ተከሳሽ ከከሳሽ ጋር የሽያጭ ውል መፈራረሙንና ገንዘቡን መቀበሉን አይክድም፤ ሆኖም ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ስላልተደረገ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ትዳሩን በተመለከተ እናቴን ጠየቅኳት፤ ውሉ ሲፈረም ሚስቱ ቡና አፍልታ አብራ ነበረች፣ ከሁለቱ ምስክሮች በፊትም የፈረመችው እሷ ናት አለችኝ። ፊርማዋ ወረቀቱ ላይ አለ፤ እኔ እስከ ዛሬ ከምስክሮቹ አንዷ እየመሰለችኝ ነበር።

መልስ 3፦ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

እንግዲያው ያንን ሦስተኛ አንቀጽ ለጠበቃዎ ነገ ጠዋት ይላኩለት፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት የሻጩ እምነት፣ ማለትም ውሉን አለመካዱ፣ በቃል ክርክሩ ላይ በግልጽ እንዲመዘገብ ያስደርግ። የሚስቲቱን ፊርማ በስም ለይቶ ያሳይ። ከዚያ 1720ን ከነሦስተኛው ንዑስ አንቀጹ፣ 1723ን፣ 2877ንና 2878ን በተከታታይ ጽፎ፣ ውሉ ባልተካደባቸው ጉዳዮች ላይ የተሰጡትን የሰበር ውሳኔዎች ከነፍሬ ነገራቸው ያያይዝ። 1815ና 1817ን ደግሞ በአማራጭ ያቅርብ፤ ፍርድ ቤቱ ውሉን ረቂቅ ነው ቢል እንኳ እናትዎ በቤቱ ላይ ያወጡት ወጪና የገንዘቡ ጉዳይ ሳይነሣ እንዳይቀር። የባንክ ደረሰኙን ዋናውን እንጂ ቅጂውን እንዳይዙ ለእናትዎ ይንገሯቸው።